ራሳችሁ ጽፋችሁ ራሳችሁ ለመዝፈን ካሰባችሁ

ስቱዲዮ ለመከራየት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ዘፈን መጨረስ ልመዱ። የጀማሪ ድምፃዊ ስልክ በጅምር ዜማ የተሞላ ነው፤ አዝማቹ አለ፣ የቀረው ግን የለም። ደካማ ቢመስላችሁም ጨርሱት።

ግጥሙ ላይ ቆዩበት። «ልቤ ተሰበረ» ማንም ይላል። «ቁጥርሽን አላጠፋሁትም፣ ስምሽን ብቻ ቀየርኩት» ስትሉ ግን ሰሚው ጆሮውን ያቆማል። ስሙ ወደ ምን ተቀየረ? ቶሎ አትንገሩት፤ አዝማቹ አንዴ ይዙርና ከዚያ በኋላ ይስማው። ስትጨርሱ ጮክ ብላችሁ ዝፈኑት። ሲነበብ ያማረ ስንኝ ዜማው ላይ ሲወጣ ሊንገዳገድ ይችላል። ያኔ ዜማውን ሳይሆን ቃሉን ቀይሩ።

ቀጥሎ ቤት ውስጥ ቅረጹት። ልብስ የተሰቀለበት ቁም ሳጥን ከፍታችሁ ፊቱ ቁሙ፤ ልብሱ ማሚቶውን ይቀንሳል። ቢሊ አይሊሽ የመጀመሪያ አልበሟን ከአቀናባሪ ወንድሟ ከፊኒያስ ጋር በአብዛኛው የሠራችው መኝታ ክፍል ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የግራሚ የዓመቱ ምርጥ አልበም ሆነላት። እርግጥ ፊኒያስን የመሰለ ወንድም ሁሉም ቤት አይገኝም።

አሁን ብዙዎች የሚዘሉት ነገር፦ ወረቀቱ። ዘፈኑ ከመውጣቱ በፊት ከአቀናባሪው ጋር ተቀምጣችሁ ድርሻችሁን ጻፉ፣ ፈርሙ። ጓደኛ ቢሆንም። አንድ ዘፈን ሁለት መብት አለው፤ አንዱ የግጥሙና የዜማው፣ ሌላው የቅጂው፣ ማለትም የማስተሩ። የቴይለር ስዊፍት የመጀመሪያዎቹ ስድስት አልበሞች ማስተር በ2019 እሷ ሳትፈልግ ተሸጠ። የደራሲነት መብቷ ግን አብሮ አልሄደም። ዳግም መቅዳትን የሚከለክለው የውሉ ጊዜ ሲያልፍ፣ ከ2021 ጀምሮ አራቱን እንደ አዲስ ዘፍና አወጣቻቸው። ውል ሲቀርብላችሁ ያን የክልከላ ጊዜ ፈልጋችሁ አንብቡ።

ከዚያ አንድ ነጠላ ዜማ ልቀቁ። ስፖቲፋይ በተባለው የሙዚቃ ማድመጫ መተግበሪያ ላይ ለአጫዋች ዝርዝር አዘጋጆቹ ማቅረብ ከፈለጋችሁ ዘፈኑ ከመውጣቱ ቢያንስ 7 ቀን በፊት ይሁን። እዚያ አንድ መደመጥ የሚቆጠረው 30 ሰከንድ ሲሞላ ስለሆነ መግቢያውን አሳጥሩ የሚሏችሁ አይጠፉም። መግቢያው ጥሩ ከሆነ አትንኩት።

ቀጣዩን ዘፈን ከመቅረጻችሁ በፊት ደግሞ ሰው ፊት ዝፈኑት፣ ትንሽ መድረክም ቢሆን። ታዳሚው እርስ በርሱ ማውራት የጀመረው የቱ ስንኝ ላይ እንደሆነ ልብ በሉ። እሱን እንደገና ጻፉት።