ቦርዱ ተቃጥሏል ከማለትዎ በፊት፦ ኮምፒውተር አርዱይኖን አላገኝ ሲል ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ተማሪ አርዱይኖ ናኖውን፣ ማለትም ከኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጫንበትን ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ፣ በፌስታል ጠቅልሎ አመጣልኝ። «ተቃጥሏል፣ ሌላ ልገዛ ነው» አለኝ። ላፕቶፑ ላይ ስንሰካው ቀይዋ መብራት በራች፤ ኮምፒውተሩ ግን ምንም አላለም። ከመሳቢያዬ የአሮጌ ካሜራ ገመድ አውጥቼ በዚያ ሰካሁት፤ ላፕቶፑ ወዲያው የመሰካት ድምፁን አሰማ። የእሱ ገመድ ከትንሽ የሙዚቃ ስፒከር ጋር የመጣ፣ ለቻርጅ ብቻ የተሠራ ነበር።

መብራቷን ማመን። ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው፤ ደህና ቦርድ የሚያስጥለውም እሱ ነው። መደበኛ የዩኤስቢ 2.0 ገመድ ውስጥ አራት ሽቦዎች አሉ፤ ሁለቱ ኃይል፣ ሁለቱ ደግሞ ዳታ ያስተላልፋሉ። የቻርጅ ገመድ የዳታዎቹን ሽቦዎች ይተዋቸዋል። መብራቷ የምትነግርዎ ኃይል መድረሱን ብቻ ነው። ጫፉ ስልክዎ ላይ የሚገባ ከሆነ በዚያው ገመድ ከስልክ ወደ ኮምፒውተር ፎቶ ለማስተላለፍ ይሞክሩ። ፎቶው ካልተላለፈ ገመዱን ጥለው ሌላ ያምጡ። ዩኤስቢ ማከፋፈያም ካለ አውጥተው ቦርዱን በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰኩት።

የፕሮግራም መጻፊያውን ዝርዝር ብቻ ማየት። ፖርቱ (ኮምፒውተሩ ከቦርዱ ጋር የሚገናኝበት መስመር) በአርዱይኖ ፕሮግራም ውስጥ ስላልታየ ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና መጫን ጊዜ ማባከን ነው። በዊንዶውስ የተሰኩ ዕቃዎችን የሚዘረዝረውን ዲቫይስ ማኔጀርን ከፍተው ቦርዱን እየነቀሉና እየሰኩ ዝርዝሩን ይመልከቱ። ምንም ካልተለወጠ ጥፋቱ ከገመዱ፣ ከመሰኪያው ወይም ከቦርዱ ነው። ቢጫ ምልክት ያለበት ስም ከመጣ ብዙውን ጊዜ የጎደለው ድራይቨር (ኮምፒውተሩ ቦርዱን እንዲያናግር የሚያስችለው ፕሮግራም) ነው። «ኮም 3» ወይም «ኮም 5» የሚል ከታየ ግን ቦርዱ ተገኝቷል፤ ፕሮግራም አልጫንም ያለበት ምክንያት ሌላ ነው።

ያገኙትን ድራይቨር ሁሉ መጫን። መጀመሪያ ከዩኤስቢ መሰኪያው አጠገብ፣ አንዳንዴም በቦርዱ ጀርባ ያለችውን የዩኤስቢ ቺፕ ስም ያንብቡ፤ ጽሑፉ ደቃቅ ስለሆነ በስልክ ካሜራ አጉልቶ ማየት ይረዳል። በርካሽ የሚሸጡት የአርዱይኖ ቦርዶች፣ የኡኖና የናኖ፣ ቅጂዎች አብዛኛውን ጊዜ ሲኤች340 አላቸው። ብዙ የኢኤስፒ32 ቦርዶች ላይ ደግሞ ሲፒ2102 ይገኛል። ድራይቨሩን ከቺፑ አምራች ድረ ገጽ ይውሰዱ፤ «ሁሉንም ድራይቨር እፈልግልዎታለሁ» የሚሉ ፕሮግራሞችን አይንኩ።

በሊኑክስ ላይ ድራይቨር መፈለግ። የእነዚህ ቺፖች ድራይቨር ከሊኑክስ ጋር አብሮ ይመጣል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ፈቃድ ነው፤ በኡቡንቱ ተጠቃሚው «ዳያልአውት» በተባለው ቡድን ውስጥ መግባት አለበት፤ ከገባ በኋላም ወጥቶ እንደገና መግባቱን አይርሳ። በኡቡንቱ 22.04 ላይ ሌላ ጣጣ አለ፦ ለዓይነ ስውራን የብሬይል ማሳያ የሚያገለግለው ፕሮግራም ሲኤች340ን የራሱ ዕቃ መስሎት ይወስደዋል፤ ፖርቱም ብቅ ብሎ ይጠፋል። የብሬይል ማሳያ የማይጠቀሙ ከሆነ ያንን ፕሮግራም ማስወገድ ይበቃል።

ሽቦዎቹን እንደተሰኩ መተው። የ5 ቮልት ሽቦ ከግራውንድ (ከኃይሉ መመለሻ) ጋር ከተነካካ ኮምፒውተሩ መሰኪያውን ሊዘጋው ይችላል። ኡኖ ላይ ከ500 ሚሊአምፔር በላይ ሲያልፍ የሚቆርጥ ፊውዝ አለ፤ ሲቀዘቅዝ ራሱ ይመለሳል። ሴንሰሩንም ሞተሩንም ነቅለው ቦርዱን ባዶውን ይሞክሩት።

ሁሉንም ቦርድ እንደ ኡኖ መቁጠር። ሊዮናርዶና ፕሮ ማይክሮ ዩኤስቢውን የሚያስተናግዱት በዋናው ቺፕ ስለሆነ የተበላሸ ፕሮግራም ፖርቱን ሊያጠፋው ይችላል። ቦርዱን እንደገና የሚያስነሳውን የሪሴት ቁልፍ በፍጥነት ሁለት ጊዜ ሲጫኑ ፖርቱ ለስምንት ሰከንድ ያህል ይመለሳል፤ አዲሱን ፕሮግራም በዚያች ጊዜ ይጫኑ። ራስበሪ ፓይ ፒኮ ላይ ደግሞ «ቡትሴል» የሚለውን ቁልፍ ይዘው ይሰኩት፤ እንደ ፍላሽ ሆኖ ከታየ ገመዱም ቦርዱም ደህና ናቸው።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ፣ በሁለተኛ ኮምፒውተርም ካልታየ፣ የዩኤስቢ ቺፑ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ያኔም ኡኖውን አይጣሉት፤ ዋናው ቺፕ ከተረፈ በሌላ ኡኖ አማካኝነት በስድስቱ የአይሲኤስፒ እግሮች በኩል ፕሮግራም ይጫንበታል።