ለስፕሪንግ ብሬክ ክሩዝ ስትመርጡ መጀመሪያ ወረቀታችሁን እዩ

አሜሪካ ያለን ብዙዎቻችን ለስፕሪንግ ብሬክ (ለትምህርት ቤቶች የፀደይ ዕረፍት) ክሩዝ፣ ማለትም የመርከብ ሽርሽር፣ የምንመርጠው ከዋጋው ተነስተን ነው። ረከስ ያለ የባሃማስ ማስታወቂያ ስልክ ላይ ብቅ ይላል፣ ካርድ ይወጣል፣ ይከፈላል። ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው። የልጁ ዕድሜ አይፈቅድም፣ እናት ከአገር መውጣት አትችልም፣ ወይም ጉዞው ሰሙነ ሕማማት ላይ አርፏል። እኔ የምመክረው ዋጋውን መጨረሻ ላይ እንድታዩት ነው።

1. የእያንዳንዱን ተጓዥ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አውጡ

ከማያሚ ተነስቶ ባሃማስ ወይም ሜክሲኮ ደርሶ የሚመለስ መርከብ ላይ መሳፈር ከአሜሪካ መውጣት ነው። ጉዞው ሦስት ቀን ብቻ ቢሆንም ያው ነው። የአሳይለም (የጥገኝነት) ማመልከቻው ገና ያልተወሰነለት ሰው አድቫንስ ፓሮል የሚባለውን ወጥቶ የመመለሻ ፈቃድ ሳይዝ ከወጣ ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠራል። እባካችሁ ይህን በቀላሉ አትለፉት። ትኬት የሚሸጥላችሁ ሰው የኢሚግሬሽን ጉዳያችሁን አያውቅም፤ ከመክፈላችሁ በፊት ጠበቃችሁን አማክሩ። አሳይለም ተፈቅዶለት ግሪን ካርድ ያልደረሰው ሰው ደግሞ ለመመለስ የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ያስፈልገዋል።

በግሪን ካርድና በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትሄዱ መርከቡ የሚቆምባቸውን አገሮች የቪዛ ደንብ አንድ በአንድ አረጋግጡ። "እኔ እዚያ አልወርድም" ማለት አያድንም፤ ወረቀት ካልተሟላ ገና ሳትሳፈሩ ሊመልሷችሁ ይችላሉ።

የአሜሪካ ዜጎች ከአሜሪካ ወደብ ተነስቶ እዚያው በሚመለስ መርከብ ላይ በልደት ሰርተፊኬትና በመታወቂያ መሄድ ይፈቀድላቸዋል። ቢሆንም ፓስፖርት ያዙ። አንድ ሰው መንገድ ላይ ቢታመም ወይም መርከቡ ቢያመልጣችሁ በአውሮፕላን የምትመለሱት በፓስፖርት ነው።

ሌላም አለ። በእኛ የስም አወጣጥ የአባት፣ የእናትና የልጅ የመጨረሻ ስም ብዙ ጊዜ ሦስት የተለያየ ነው። ወደቡ ላይ ወረቀት የሚያየው ሠራተኛ ይህን ላያውቅ ይችላል፤ ዝምድናችሁን የሚያሳየው የልጁ የልደት ሰርተፊኬት ነው። አንዱ ወላጅ ብቻ ከልጆቹ ጋር የሚሄድ ከሆነ የሌላኛውን የፈቃድ ደብዳቤ በኖተሪ አስፈርሙና ያዙ።

2. ቀኑን ከጾሙ ጋር አስተያዩ

ዩኒቨርሲቲዎች ብዙውን ጊዜ ማርች ላይ ይዘጋሉ። የልጆች ትምህርት ቤቶች ደግሞ በየአካባቢው ቢለያዩም ብዙዎቹ የፈረንጆቹን ፋሲካ ተከትለው ነው የሚዘጉት። ትንንሽ ልጆች ያላችሁ የሁለተኛውን ጊዜ ምረጡ፤ ማርች አጋማሽ ላይ መርከቡን የሚሞሉት ወጣቶች ናቸው፣ ሌሊቱም ሙዚቃ ነው።

ሁለቱም ጊዜ በአብዛኛው ሁዳዴ ውስጥ ይወድቃል። በ2026 ለምሳሌ የፈረንጆቹ ፋሲካ ኤፕሪል 5፣ የእኛ ኤፕሪል 12 ነው። በመካከላቸው ያለችው ሳምንት ሰሙነ ሕማማት ናት። ቤተ ክርስቲያን ለመዋል የምትፈልጉ ከሆነ ያን ሳምንት ገና ከጅምሩ ተዉት።

እየጾማችሁ የምትሄዱ ከሆነ ቦታ ስትይዙ "ቪጋን" ብላችሁ አስመዝግቡ። "ቬጂቴሪያን" ካላችሁ አይብና ቅቤ ይመጣላችኋል። ዋናው ምግብ አዳራሽ ውስጥ በመጀመሪያው ምሽት የአስተናጋጆቹን ኃላፊ አነጋግሩ። የነገውን ሜኑ ዛሬ ማታ አምጥቶ ያሳያችኋል፤ የምትፈልጉትን ከወዲሁ ታዛላችሁ። ብዙ መርከቦች ላይ የህንድ ምግብ አለ። ምስሩና ሽምብራው ለእኛ አፍ ቅርብ ነው፤ ቅቤ ወይም ክሬም እንዳለበት ግን ሳትጠይቁ አትብሉ። እንጀራና ወጥ ቋጥሮ መግባት አይቻልም፤ ቤት የተሠራ ምግብ ብዙዎቹ ይከለክላሉ። ከፋብሪካ የታሸገ ደረቅ ነገር ግን በአብዛኛው ያልፋል።

3. ዕድሜ

ተማሪዎች፣ ይህ የእናንተ ነው። የክሩዝ ኩባንያው ካርኒቫል ከ21 ዓመት በታች የሆነ ተጓዥ 25 ዓመት ከሞላው ዘመድ ወይም አሳዳጊ ጋር እንዲሆን ይጠይቃል። ሌላው ኩባንያ ሮያል ካሪቢያን ደግሞ ከአሜሪካ በሚነሱት መርከቦቹ ላይ በየካቢኑ (በየመኝታ ክፍሉ) ቢያንስ አንድ 21 የሞላው ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ የ19 ዓመት ጓደኛሞች ብቻችሁን ልትሄዱ አትችሉም። አልኮልም ከአሜሪካ በሚነሱ መርከቦች ላይ ከ21 በታች ላለ አይሸጥም።

ለቤተሰብ፦ ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን አይሳፈርም። ነፃ የልጆች ክበብ ብዙውን ጊዜ የሚቀበለው 3 ዓመት የሞላውንና ዳይፐር የለቀቀውን ነው። የመዋኛ ገንዳው ጠባቂ እንዳለው ደግሞ ጠይቁ፤ ሁሉም መርከብ የለውም። ከሌለው ልጅን ለታላቁ ትቶ ዞር ማለት አይሆንም።

4. ወደብ

ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ባልቲሞር ቅርባችሁ ነው። በመኪና ትሄዳላችሁ፣ የአውሮፕላን ትኬት ይቀራል። ግን ማርች ላይ የመጀመሪያው ቀን ብርድ ነው፤ ባሃማስ ለመድረስም በግምት ሁለት ቀን ባሕር ላይ ናችሁ። ከማያሚ ወይም ከፖርት ካናቬራል ከተነሳችሁ በማግስቱ ሙቀት ውስጥ ናችሁ። ለአጭር ጉዞ ፍሎሪዳን እመርጣለሁ። ቴክሳስ ያላችሁ ጋልቨስተን አለላችሁ። በአውሮፕላን የምትሄዱ ከአንድ ቀን በፊት ድረሱ፤ በረራ ቢዘገይ መርከቡ አይጠብቃችሁም።

5. አሁን ዋጋውን አስሉ

ማስታወቂያው ላይ ያለው ዋጋ የአንድ ሰው ነው፣ ያውም ካቢኑን ለሁለት ስትይዙት። ሦስተኛና አራተኛ ሰው ብዙ ጊዜ ይረክሳል። በዚያ ላይ ለመርከቡ ሠራተኞች የሚከፈለውን ቲፕ (ጉርሻ) ደምሩ። በቀን በሰው 17 ዶላር ብንል ለአራት ሰው ቤተሰብ በአምስት ቀን 340 ዶላር ነው። ኢንተርኔት፣ ለስላሳ መጠጥ፣ የመኪና ማቆሚያና ወደብ ላይ የምትገዙት ጉብኝት ሁሉ ለብቻ ነው። መርከቡ እንደተነሳ ስልካችሁን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፤ አለበለዚያ የሚመጣው ቢል ያስደነግጣል።

ባሕር የሚያዞረው ሰው ካለ መርከቡ መሃል፣ ታችኛው ፎቅ ላይ ያለ ካቢን ያዙ። የጤና ኢንሹራንሳችሁ መርከብ ላይ የሚሠራ መሆኑን ደውላችሁ ጠይቁ፤ ካልሠራ የጉዞ ኢንሹራንስ ግዙ። የመጨረሻው ክፍያ ቀን ብዙውን ጊዜ ከጉዞው ሁለት ሦስት ወር ቀድሞ ነው። ያ ቀን ካለፈ በኋላ ብትሰርዙ ከገንዘቡ ከፊሉ ወይም ሁሉም ይቀርባችኋል። የተጠራጠራችሁበት ወረቀት ካለ ከዚያ ቀን በፊት ጨርሱት።