ከጽዳት በኋላ ዲስፕሌይ እምቢ ያለ ዴስክቶፕ እንዴት ይስተካከላል

ኮምፒውተሩ ትናንት ደህና ይሠራ ነበር። ዛሬ ከፍታችሁ አቧራውን አራገፋችሁ፣ ጠራረጋችሁ፣ መልሳችሁ ገጠማችሁት። ስታበሩት ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ሞኒተሩ ግን ጥቁር ነው። ወይ «ኖ ሲግናል» ብሎ ይተኛል። ያስደነግጣል፤ በተለይ ሥራችሁ በሙሉ እሱ ላይ ከሆነ።

አትደንግጡ። ከጽዳቱ በፊት ይሠራ የነበረ ማሽን ጽዳቱ እንዳለቀ ዲስፕሌይ ካልሰጠ፣ ብዙውን ጊዜ የተቃጠለ ነገር የለም። የተነቃነቀ ነገር ነው ያለው። ስለዚህ ማንም ሰው ገና ሳይከፍተው «ማዘርቦርዱ ሄዷል» (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ ተበላሽቷል) ቢላችሁ አትቀበሉ፤ ቢያንስ ከዚህ በታች ያሉትን ሳትሞክሩ ብር አታውጡ።

መጀመሪያ ከውጭ ጀምሩ። ሞኒተሩ መብራት አለው? ኬብሉ በሁለቱም ጫፍ ጠብቋል? ኮምፒውተሩ ግራፊክስ ካርድ (ምስል ወደ ሞኒተሩ የሚልክ፣ ለብቻው የሚሰካ ካርድ) ካለው ከኋላ በኩል የሞኒተር መሰኪያ ሁለት ቦታ ታገኛላችሁ፤ አንዱ ከላይ፣ ከዩኤስቢዎቹ ጋር፣ ማዘርቦርዱ ላይ ነው፤ ሌላው ከታች ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው። ኬብሉ መሰካት ያለበት ካርዱ ላይ ነው። ከጽዳት በኋላ ሁሉንም ነቅሎ መልሶ የሚሰካ ሰው እዚህ ጋ በቀላሉ ይሳሳታል። ሞኒተሩ ላይም ቪጂኤ፣ ኤችዲኤምአይ ወይም ዲስፕሌይ ፖርት የሚል ምርጫ አለ፤ ከሰካችሁት ኬብል ጋር መግጠሙን እዩ።

ይህ ካልፈታው ወደ ውስጥ እንግባ። ከዚያ በፊት ግን ኮምፒውተሩን አጥፉና የኃይል ኬብሉን ከግድግዳው ንቀሉት። ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ከነቀላችሁ በኋላ የፓወር ቁልፉን 20 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፤ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል።

ይህን ዝም ብዬ አይደለም የምጽፈው። ለፋሲካ ቤት ስናጸዳ ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፔን ከፍቼ አቧራውን አወጣሁ። ስዘጋው ዲስፕሌይ የለም። ራሙ (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታው፣ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው ረጅምና ቀጭን ካርድ) ይሆናል ብዬ ኮምፒውተሩን በቁልፉ ብቻ አጠፋሁና ራሙን ነቅዬ መልሼ ሰካሁት። ማዘርቦርዱ ላይ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ መብራት እንደበራች ነበር፤ አይቻታለሁ፣ ትርጉሟን ግን አላወቅኩም። ኮምፒውተር ቢጠፋም ሶኬቱ ላይ እስካለ ድረስ ማዘርቦርዱ ውስጥ ኃይል አለ፤ መብራቷም የምትለው ያንን ነበር። ያ 4 ጊጋ ራም ከዚያ ቀን በኋላ በየትኛውም ማሽን ላይ አልሠራም። መብራት ካያችሁ እጃችሁን አታስገቡ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ራም። በእኔ ልምድ ከጽዳት በኋላ ከሚመጡ የዲስፕሌይ ችግሮች አብዛኞቹ እዚህ ያልቃሉ፤ ስለዚህ አትቸኩሉ።

ኬዙን በጎኑ አስተኙት። ብርሃን ያስፈልጋችኋል፤ የስልክ መብራት ይበቃል። የኬዙን ብረት በእጃችሁ ንኩ፤ ሰውነታችሁ ላይ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ (ስታቲክ) ይወርዳል። ምንጣፍ ላይ ቆማችሁ፣ ሹራብ ለብሳችሁ ባትሠሩት ይመረጣል። ራሙን ጫፍና ጫፉ ላይ የያዙትን ጆሮ የሚመስሉ ፕላስቲኮች ወደ ውጭ ግፏቸው። ራሙ ራሱ ብቅ ይላል። ሁሉንም ራሞች አውጡ። ስትይዟቸው ዳርና ዳሩን እንጂ ወርቃማ ጥርሶቹን አትንኩ።

ጥርሶቹን ብርሃን ላይ አዙራችሁ እዩ። የደበዘዘ ወይም የጠቆረ ቦታ ካለ ነጭና ለስላሳ የተማሪ ላጲስ ውሰዱና ቀስ ብላችሁ በአንድ አቅጣጫ አሹት። ሰማያዊውና ሻካራው የላጲስ ጎን ግን አይሆንም፤ ወርቁን ይፍቀዋል። ይህን ከማዘርቦርዱ ራቅ ብላችሁ ሥሩት፤ የላጲሱ ፍርፋሪ የራሙ ማስገቢያ ውስጥ ከገባ ሌላ ችግር ነው። ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ በአይሶፕሮፒል አልኮል ነካ አድርጋችሁ ጥረጉና እስኪደርቅ ጠብቁ። 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነው ይሻላል፤ 70 በመቶ የሆነው ውኃ ስለሚበዛበት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ሽቶ አትጠቀሙ። ማስገቢያውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አራግፉት። በአፍ እፍ ማለትን ተዉት፤ ምራቅ ይገባል።

መልሶ መሰካቱ ነው ብዙ ሰው የሚሸወድበት። የራሙ ጥርስ መሃል አካባቢ አንዲት ክፍተት አለች። ትክክል መሃል ላይ አይደለችም፤ ወደ አንድ ጎን ታደላለች። ማስገቢያው ላይ ካለችው ጉብታ ጋር አገናኟት። ካልገጠመች ራሙን አዙሩት፤ በኃይል አትግፉ። ከገጠመች በኋላ ግን ኃይል ያስፈልጋል። ሁለቱን አውራ ጣቶች ጫፍና ጫፉ ላይ አድርጋችሁ እኩል ተጫኑ። ማዘርቦርዱ ትንሽ ጎበጥ ሲል ልብ ድንግጥ ይላል፣ ግን እስከ መጨረሻው መግባት አለበት። ቀጭ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፣ ጆሮዎቹም ራሳቸው ይዘጋሉ።

አንድ ቀጭ ሰምታችሁ አትተዉት። በአንድ ጎን ብቻ ገብቶ በሌላው ጎን 1 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ሊቀር ይችላል። ከላይ ስታዩት የገባ ይመስላል። ጎንበስ ብላችሁ ከጎን እዩት፤ የወርቃማው ጥርስ መስመር በአንድ በኩል ወፈር ብሎ ከታየ አልገባም ማለት ነው። አንዳንድ ማዘርቦርዶች ደግሞ ጆሮ ያላቸው በአንድ ጎን ብቻ ነው፤ በሌላው ጎን የሚዘጋ ነገር ስለሌለ መግባቱን የምታውቁት በዓይን ብቻ ነው።

መጀመሪያ አንድ ራም ብቻ ሰክታችሁ ሞክሩ። አራት ማስገቢያ ካለ በአብዛኛው ከሲፒዩ (ከዋናው ፕሮሰሰር) በኩል ሲቆጠር ሁለተኛው ነው የሚመረጠው፤ ማዘርቦርዱ ላይ ኤ2 ተብሎ ይጻፋል። አብሩና ጠብቁ። ማሽኑ ዲዲአር5 ራም ያለው አዲስ ከሆነ የመጀመሪያው አነሳስ ደቂቃዎች ሊወስድ ስለሚችል ቶሎ አታጥፉት። እምቢ ካለ ከሶኬት ነቅላችሁ ሌላውን ራም፣ ከዚያ ሌላ ማስገቢያ ሞክሩ።

ማሽኑ ራሱ የሚሰጣችሁን ምልክትም አትለፉት። በተደጋጋሚ የሚጮህ ቢፕ ብዙ ጊዜ ራምን ይጠቁማል። በቅርብ ዓመታት የወጡ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ማሽኖች ላይ ደግሞ የፓወር መብራቱ 2 ጊዜ ብርቱካናማ፣ 3 ጊዜ ነጭ ብልጭ ካለ ራም አልታየኝም እያለ ነው።

ራሙ ካልሆነ የኃይል ኬብሎቹን እዩ። ትልቁ ባለ 24 ፒን ሁሉም ያየዋል። የሚረሳው ከሲፒዩው አጠገብ የሚሰካው ባለ 4 ወይም ባለ 8 ፒን ነው። እሱ ሳይሰካ ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ሲፒዩው ግን ኃይል አያገኝም። ግራፊክስ ካርዱም የራሱ ኬብል ካለው አጥብቁት። ካርዱን ራሱን ነቅላችሁ መልሱት፤ ከኬዙ ጋር የሚያስረውን ብሎን በካቻቢቴ ስታጠብቁ ካርዱ በሌላ ጫፉ ብድግ እንዳይል ተጠንቀቁ። ካርዱን አውጥቶ በማዘርቦርዱ መሰኪያ መሞከርም ይቻላል፣ ሲፒዩው የራሱ ግራፊክስ ካለው። የኢንቴል ሲፒዩ ሆኖ ስሙ መጨረሻ ላይ ኤፍ ካለበት የለውም፤ በከንቱ አትድከሙ።

አሁንም ጥቁር ከሆነ ባዮሱን (ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራውን የማዘርቦርዱን ፕሮግራም) ወደ መነሻው መልሱት። ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምትመስል ባትሪ አለች፤ ሲአር 2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት። ከሶኬት ነቅላችሁ ባትሪዋን አውጡና 5 ደቂቃ ቆይታችሁ መልሱ። ከዚህ በኋላ ቀኑና ሰዓቱ ይዛባል። ካላስተካከላችሁት ብዙ ድረ ገጾች አይከፈቱም፤ ኢንተርኔቱ የተበላሸ እንዳይመስላችሁ።

በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ ከነበረ ክፍቱን ለአንድ ቀን ሙሉ ተዉት። አየር የሚነፋ ብሎወር ከተጠቀማችሁ ደግሞ ፋኑ የተሰካበት ቀጭን ሽቦ አለመነቀሉን እዩ። በነገራችን ላይ ብሎወር ጥሩ ነው፤ ስትነፉ ግን ፋኑን በጣት ያዙት፣ በኃይል መሽከርከሩ ይጎዳዋል። ለምንጣፍ የሚሆነውን ቫኪዩም ግን ውስጥ ባታስገቡት እመክራለሁ፤ ስታቲክ ይፈጥራል።

ሌላም አለ። አንዳንድ የቆዩ ፓወር ሰፕላዮች (የኃይል ኬብሉ ከኋላ የሚሰካባቸው፣ ለውስጡ ዕቃ ኃይል የሚያከፋፍሉ ሳጥኖች) ከኋላ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አላቸው። ስትጠርጉ ሊንቀሳቀስ ይችላል። የእኛ አገር መብራት 220 ስለሆነ 230 ላይ መሆን አለበት፤ 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ መልሳችሁ ከመሰካታችሁ በፊት ሁልጊዜ እዩት።

ሲፒዩውን ነቅላችሁ ከነበረ ግን እዚህ ላይ ለሙያተኛ ስጡት። ፒኖቹ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ናቸው፤ አንዱ ከጎበጠ ቤት ውስጥ ማቅናት ከባድ ነው። ስትሰጡትም የሞከራችሁትን ሁሉ ንገሩት።

ዲስፕሌዩ ከመጣ ክዳኑን ለመግጠም አትቸኩሉ። አጥፍታችሁ፣ ነቅላችሁ የቀሩትን ራሞች አንድ በአንድ መልሱ። ባዮስ ውስጥ ግቡና የራሙ መጠን ሙሉ መሆኑን እዩ፤ 8 ጊጋ ኖሯችሁ 4 ካሳየ አንዱ ገና አልገባም። የሲፒዩው ፋን እየዞረ መሆኑን በዓይናችሁ አይታችሁ 10 ደቂቃ ያህል ክፍቱን አሠሩት። ከዚያ ብሎኖቹን እሰሩ።