ስፖንሰር ሆነው ሲፈርሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአሜሪካ የሚኖር ሰው ወላጁን ወይም የትዳር ጓደኛውን በግሪን ካርድ ሲያስመጣ አይ-864 የተባለውን የድጋፍ ቃል መፈረም ይጠበቅበታል። ይህ ሰነድ በፍርድ ቤት የሚያስከስስ ውል ሲሆን፣ አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው እንደ ተራ ቅጽ ከመቁጠር ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ፍቺ ግዴታውን ያስቀራል ብሎ ማመን ነው። አያስቀርም። ግዴታው የሚያበቃው የመጣው ሰው ዜግነት ሲያገኝ፣ 40 የሥራ ሩብ ዓመታት (10 ዓመት ገደማ) ሲቆጠርለት፣ ነዋሪነቱን ትቶ ከአገር ሲወጣ ወይም ከሁለቱ አንዱ ሲሞት ነው። በመሆኑም ከተፋቱ ዓመታት ቢያልፉም እንኳ፣ የቀድሞዋ ሚስት ገቢዋ ከፌዴራሉ የድህነት መለኪያ 125 በመቶ በታች ከሆነ፣ ከስሳ ጉድለቱን ልታስከፍለው ትችላለች።

ለሰው ሲሉ መፈረምም እንዲሁ ነው። ገቢው ያልበቃ ወዳጅ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ «ለደንቡ ያህል ነው እንጂ ምንም አይነካህም» ይላል፤ የተጠየቀውም ይሉኝታ ይዞት የግብር ወረቀቱን አስረክቦ ይፈርማል። ተባባሪ ስፖንሰር ግን ከዋናው እኩል ተጠያቂ ነው፤ ያላነበቡትን ውል እምቢ ማለት ደግሞ፣ በእኔ እምነት፣ ነውር አይደለም።

«እናቴ እንደገባች የአረጋውያን ድጎማ ታገኛለች» የሚለው ተስፋም ብዙ ቤተሰብ አስጨንቋል። ከነሐሴ 1996 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወዲህ ለገቡ ባለግሪን ካርዶች፣ ኤስኤስአይ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጠው ድጎማ) በጥቅሉ 40 የሥራ ሩብ ዓመታት ይጠይቃል፤ ፉድ ስታምፕ (የምግብ ድጎማ) እና ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት የሕክምና ሽፋን) ደግሞ አብዛኞቹን አዋቂዎች 5 ዓመት ያስጠብቃሉ። ከዚያም በኋላ ቢሆን የስፖንሰሩ ገቢ እንደ እናትየው ገቢ ሊታሰብ ስለሚችል ማመልከቻው ውድቅ ሊሆን ይችላል። በስደተኝነት (ሪፉጂ ሆኖ) የመጣ ጎረቤት የሚሰጠውን ምክር እንዳለ መውሰድም አይገባም፤ የሪፉጂዎች ሕግ የተለየ ነው፣ እሱም ቢሆን በ2025 በፉድ ስታምፕ ረገድ ጠብቋል።

በአንጻሩ በፍርሃት መብትን መተው ሌላው ጥፋት ነው። ለሕይወት የሚያሰጋ ሕመም የገጠማት እናት ስፖንሰር የሆነው ልጄ ይከፍላል ብላ ከድንገተኛ ክፍል መቅረት የለባትም፤ ሕጉ የድንገተኛ ሜዲኬይድንና የትምህርት ቤት ምሳን ስፖንሰሩ ለመንግሥት እንዲመልስ ከሚጠየቀው ዕዳ ውስጥ አያስገባም። አሜሪካ የተወለደ ልጅም በራሱ ዜግነት ድጎማ መጠየቅ ይችላል።

ስፖንሰሩ ቤት ሲቀይር ደግሞ አድራሻውን በ30 ቀን ውስጥ አይ-865 በተባለው ቅጽ ማሳወቅ አለበት፤ ካላሳወቀ ሊቀጣ ይችላል።