በእንግሊዝ አጥቢያዎች የጠፋ የጥምቀት ገንዳ እንዴት ይፈለጋል?

በእንግሊዝ ገጠር አንድ ቤተ ክርስቲያን ገብተው የመካከለኛው ዘመን ገንዳ የት ደረሰ ብለው ቢጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰሙት «የክሮምዌል ወታደሮች ሰባበሩት» የሚል ነው፤ በ1640ዎቹ የእርስ በርስ ጦርነት ንጉሡን የወጋውን የፓርላማ ጦር ማለታቸው ነው። ይጻፉት፤ ግን ቶሎ አይመኑት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ያደሱ ሰዎችም አሮጌውን እያወጡ አዲስ አስጠርበዋል።

መነሻው የሰበካው የሒሳብ መዝገብ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በካውንቲው (በክፍለ ግዛቱ) ቤተ መዛግብት ይገኛል። መጀመሪያ ከ1644 እስከ 1646፣ ከዚያ ከ1660 እስከ 1663 ያለውን ያንብቡ (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ፓርላማው በጃንዋሪ 1645 ያወጣው የአምልኮ መመሪያ ጥምቀት በቀድሞው የገንዳ ስፍራ እንዳይፈጸም ስለከለከለ፣ ብዙ አጥቢያ በሳህን ማጥመቅ ጀመረ። በ1660 ተሽሮ የነበረው ንጉሣዊ አገዛዝ ሲመለስ ገንዳም ተመለሰ። ስለዚህ በመጀመሪያው ወቅት የሳህን መግዣ፣ በሁለተኛው የግንበኛ፣ የኖራና የእርሳስ ክፍያ ይፈልጉ። የተከፈለው ጥቂት ሽልንግ ብቻ ከሆነ አሮጌው ድንጋይ ተመልሶ የተተከለ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ፓውንድ ከሆነ አዲስ መጠረቡን ይጠርጥሩ። አንድ ፓውንድ 20 ሽልንግ፣ አንድ ሽልንግ 12 ፔኒ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እስከ 1752 ድረስ የእንግሊዝ ዓመት የሚለወጠው ማርች 25 ነበር። «ጃንዋሪ 1644» ተብሎ የተጻፈው በዛሬው የአውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 1645 ነው። መስከረም ላይ ዓመት ለሚቀይር አንባቢ ይህ አይከብድም፤ ሳያስተውሉት ካለፉ ግን ክፍያው ከትእዛዙ በፊት የተፈጸመ ይመስላል።

ቀጥሎ የሀገረ ስብከቱን የእድሳት ፈቃዶች ይመልከቱ፤ አንዳንዶቹ ከነንድፋቸው ተቀምጠዋል። የቆዩ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችንም ያስተያዩ። በ1800 አካባቢ የተሣለ ሥዕል አሮጌውን ገንዳ ካሳየ ወታደሮቹ ነፃ ወጡ ማለት ነው።

ድንጋዩ ራሱ በካህኑ ቤት አትክልት ውስጥ አበባ ተተክሎበት፣ በእርሻ ቤት ከብት እየጠጣበት፣ ወይም ከወለሉ ሥር ተቀብሮ ሊገኝ ይችላል። ሲያገኙ መጀመሪያ ታችኛውን ይዩ፤ የጥምቀት ገንዳ አብዛኛውን ጊዜ መሐል ለመሐል የውሃ መውረጃ ቀዳዳ አለው። የከብት ማጠጫ ቀዳዳው አብዛኛውን ጊዜ በጎኑ ነው፤ ሁለቱም ካሉት ገንዳው ኋላ ላይ ለከብት ተሰጥቶ ይሆናል። ሙቀጫ ደግሞ መውረጃ የለውም፣ ታቹም በመውቀጥ ብዛት ይለሰልሳል።

ከዚያ ከንፈሩን ይዳስሱ። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ኤድመንድ በ1236 ገንዳዎች ተከድነው እንዲቆለፉ አዘዙ፤ ዓላማው የተባረከው ውሃ ለጥንቆላ እንዳይሰረቅ ነበር። በመሆኑም በከንፈሩ ላይ ትይዩ የሆኑ የብረት መያዣ ቀዳዳዎች፣ በእርሳስ የተደፈኑ ጉድጓዶች ወይም ብረቱ ሲነቀል የተሸረፈ ጠርዝ ካለ ጠንካራ ማስረጃ ነው። የድንጋዩን ዓይነት በተሰበረው ፊት ይለዩ፦ በጥቃቅን የቀንድ አውጣ ቅርፊት የተሞላ ከሆነ ከደቡብ እንግሊዟ ዶርሴት የመጣው ፐርቤክ የተባለው ድንጋይ ሳይሆን አይቀርም፤ ጥቁር ከሆነ ደግሞ እንደ ዊንቸስተር ካቴድራሉ ገንዳ ከቤልጅየሟ ቱርኔ የመጣ ሊሆን ይችላል።

የውስጡን ስፋት፣ ጥልቀቱንና ቁመቱን በሴንቲሜትር ይለኩ። ቅርጹ የደበዘዘ ከሆነ ሲመሽ ባትሪ ዝቅ አድርገው ከጎን እያበሩ ፎቶ ያንሱ። በድንጋዩ ላይ የበቀለውን ሽበት አይፋቁ፤ የጠራቢው መሮ ምልክት አብሮ ይሄዳል። በቅጥሩ ውስጥ ለመቆፈርም ሆነ ድንጋዩን ለማንሳት አስቀድሞ የሀገረ ስብከቱ ፈቃድ ያስፈልጋል።