በጉድዊል ሒሳብ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች፦ ከግዢው ዕለት እስከ ሰኔ 30

በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ላሉ የልብስ ፋብሪካዎች ካርቶን የሚያቀርብ ድርጅት በ80 ሚሊዮን ብር ተሸጠ እንበል። በመዝገቡ ላይ የሚታየው የተጣራ ሀብት (ከንብረቱ ዕዳው ተቀንሶ የሚቀረው) 50 ሚሊዮን ነው። ብዙ የሒሳብ ባለሙያዎች እዚህ ላይ ይቸኩሉና 30 ሚሊዮኑን በሙሉ ጉድዊል፣ ማለትም ገዢው ከተጣራው ሀብት ዋጋ በላይ የከፈለው ገንዘብ፣ ብለው ይመዘግባሉ።

የመጀመሪያውና ከባዱ ስህተት ይህ ነው። መነሻው የሻጩ መዝገብ ሳይሆን ንብረቱ በግዢው ዕለት ያለው ፍትሐዊ ዋጋ፣ ማለትም በገበያ ሊሸጥበት የሚችለው ዋጋ፣ ነው። ማሽኖቹ እንደገና ተገምተው፣ ሻጩ ያልመዘገባቸው የደንበኛ ውሎችም ዋጋ ተሰጥቷቸው የተጣራው ሀብት 62 ሚሊዮን ከደረሰ፣ የታክሱን ስሌት ለጊዜው ትተን፣ ጉድዊሉ 18 ሚሊዮን ብቻ ነው። ለማሽኑና ለውሉ በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ ይታሰባል፤ ለጉድዊል ግን በሙሉው አይኤፍአርኤስ (በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት መመዘኛ) አይታሰብም። ስለዚህ ጉድዊሉን ያሳበጠ የመጪዎቹን ዓመታት ትርፍም አሳብጧል። ግምቱ ካልተጠናቀቀ የድርጅት ግዢን የሚመለከተው አይኤፍአርኤስ 3 እስከ 12 ወር ድረስ ማስተካከል ይፈቅዳል፤ ይህ ግን በግዢው ዕለት የነበረውን ሁኔታ ለሚያሳይ መረጃ እንጂ ከዚያ በኋላ ለደረሰ ኪሳራ አይሆንም።

የጠበቃና የገማች ክፍያን በጉድዊል ላይ መደመርም አይገባም። የዓመቱ ወጪ ነው።

ሁለቱን የሒሳብ መመዘኛዎች ማደባለቅ ሌላው ስህተት ነው። አዋጅ ቁጥር 847/2006 የሕዝብ ጥቅም ያለባቸውን ድርጅቶች በሙሉው አይኤፍአርኤስ፣ አነስተኛና መካከለኛዎቹን ደግሞ ለእነርሱ በተዘጋጀው መመዘኛ እንዲሠሩ ያደርጋል። በሁለተኛው ጉድዊል በየዓመቱ ይቀነሳል፤ የአገልግሎት ዘመኑ በአስተማማኝ ሁኔታ ካልታወቀም ከ10 ዓመት መብለጥ የለበትም። የሌላ ድርጅት ሪፖርት ቀድቶ መሥራት ችግር የሚያመጣው እዚህ ላይ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የኢምፔርመንት ምርመራን (የንብረቱ ዋጋ በመዝገብ ከተያዘበት በታች መውረዱን የማጣራት ሥራን) በዓመት አንዴ ተደርጎ እንደሚያልፍ ሥርዓት ብቻ መቁጠር ነው። ይህን የሚመለከተው መመዘኛ፣ አይኤኤስ 36፣ የጉድዊል ምርመራ በየዓመቱ በተመሳሳይ ጊዜ እንዲደረግ ያዛል፤ የዋጋ መውረድ ምልክት በታየ ጊዜ ሁሉ ደግሞ ድጋሚ ያስፈልጋል። የካርቶን ድርጅቱ ገዢ መስከረም 30 ቀን 2014 ዓ.ም. መርምሮ ጉድዊሉን ደህና አገኘው እንበል። አሜሪካ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ (ለአፍሪካ አገሮች ምርት ከቀረጥ ነፃ ገበያ ከሚሰጠው የአሜሪካ ሕግ) ተጠቃሚነት አስወጣች፤ የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤችም በዚያው ሰሞን የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታውቆ ነበር። ፋብሪካዎቹ የሚልኩት ልብስ ሲቀንስ ካርቶኑም ይቀንሳል። የሰኔ 30ውን ሪፖርት የሚያዘጋጅ ሰው «በመስከረም መርምረናል» ብሎ ማለፍ አይችልም።

ጉድዊሉን ለብቻው ለመመርመር መሞከርም ከንቱ ድካም ነው፤ ብቻውን ገንዘብ አያስገባም። የሚመረመረው ጉድዊሉ ከተመደበለት ገንዘብ አመንጪ ክፍል (በራሱ ገቢ ከሚያስገባው የድርጅቱ ክፍል) ጋር ነው። ገዢው በከተማው አትራፊ ሆቴል ስላለው ሁለቱን ሥራዎች አንድ ላይ ቢመረምር፣ የሆቴሉ ትርፍ የካርቶኑን ጉዳት ይደብቀዋል።

የትንበያው ቁጥርም መታየት አለበት። ያለበቂ ምክንያት ከአምስት ዓመት በላይ የተዘረጋ በጀት፣ ገና ያልተወሰነ የማስፋፊያ ዕቅድ የሚያመጣው ገቢ፣ የዋጋ ንረት የተጨመረበትን ገቢ ንረቱን ባላካተተ የቅናሽ መጠን (የወደፊቱን ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ በሚመልሰው መቶኛ) ማስላት፦ እነዚህ ሁሉ ጉድዊሉን ያለ አግባብ ያቆዩታል። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም የድሮውን የወረቀት ማስገቢያ ዋጋ ይዞ መተንበይ ያው ነው።

ክፍሉ ጉድዊሉን ጨምሮ በመዝገብ 78 ሚሊዮን ሆኖ፣ ሊያስገኝ የሚችለው 66 ሚሊዮን ከሆነ፣ 12 ሚሊዮኑ በቅድሚያ ከጉድዊሉ ይቀነሳል። ለሁሉም ንብረት ማከፋፈል ስህተት ነው፤ ሌላው ንብረት የሚነካው ጉድዊሉ ካለቀ በኋላ ነው። ነገ ገበያው ቢያገግም ለማሽኑ የተያዘው ቅናሽ ሊመለስ ይችላል፤ የጉድዊሉ ግን አይመለስም፤ ትርፉ የቱንም ያህል ቢያድግ።