በሽተኛ ጠያቂ፣ ጥያቄ ጠያቂ፦ የመርሳት ህመም ያለባቸው አረጋውያን ዘንድ ለሚሄዱ ተማሪዎች

ጅማ ውስጥ በሩ በተማሪ ያልተንኳኳ ቤት ማግኘት ይከብዳል። የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. ከመመሥረቱ በፊትም የጤና ተማሪዎች ነጭ ጋውን ለብሰው፣ መጠይቅ ታቅፈው፣ «ስንት ሆናችሁ ትኖራላችሁ? የምትጠጡት ውኃ ከየት ነው?» እያሉ መንደር ለመንደር ይዞሩ ነበር። ሲቢቲፒ (ተማሪዎች ማኅበረሰቡ ውስጥ ገብተው የሚሠለጥኑበት ፕሮግራም) ማለት ምን እንደሆነ ለኮቺ ሰፈር እናቶች ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለአዲስ ገቢ ተማሪ የሚያስረዱት እነሱ ናቸው።

ልምዱ መልካም ነው። ግን ያው ተማሪ የመርሳት ህመም ያለባቸውን አረጋውያን ለሚደግፍ በጎ አድራጎት ማኅበር ፈቃደኛ ወይም ተለማማጅ ሆኖ ሲመጣ፣ መጠይቁን ዶርም ትቶ ጠያቂነቱን ይዞ ይመጣል። አማርኛችን ለሁለቱም አንድ ቃል ነው ያለው፤ በሽተኛም ይጠየቃል፣ ጥያቄም ይጠየቃል። እኔም ኢንተርንሽፕ ስወጣ ሁለቱን አምታትቼ ነበር። ዛሬ ተማሪዎችን ከቤተሰቦች ጋር የማገናኘው እኔ ነኝ፤ ከምሰማቸው ቅሬታዎች አብዛኞቹም ከዚሁ መምታታት ይመነጫሉ።

«ለዩኝ?» ማለት

የመጀመሪያው ስህተት ከደጃፍ ይጀምራል። ተማሪው ባለፈው ሳምንት መጥቶ ነበርና ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል፣ ከዚያ «እማማ፣ ለዩኝ? ማን ነኝ?» ይላል። በፍቅር ነው የሚለው፤ ዘመድ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። እማማ ግን አያውቁትም። ዋነኛው የመርሳት ህመም ዓይነት፣ አልዛይመር፣ ሲጀምር ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው አዲስ ነገርን ይዞ የማቆየት አቅም ስለሆነ፣ የወጣትነት ሠርጋቸውን ከነዘፈኑ ተርከው የባለፈውን ማክሰኞ እንግዳ ላያስታውሱ ይችላሉ። ያኔ ወይ ማፈር ወይ መዋሸት ነው የሚቀራቸው። ብዙዎቹ ጨዋ ናቸውና «እንዴ! አንተን እንዴት አጣሃለሁ!» ይላሉ፤ ፊታቸው ግን ይጨነቃል፣ ጨዋታውም እዚያው ይቀዘቅዛል።

ስማችሁን ራሳችሁ ተናገሩ፣ በመጣችሁ ቁጥር እንደ አዲስ። «እማማ፣ እንደምን ዋሉ? ፎዚያ ነኝ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ አብሬዎት ቡና የምጠጣው።» ይኸው ነው።

የበሽታው ታሪክም በፈተና ነው የጀመረው። አሎይስ አልዛይመር በ1901 እ.ኤ.አ. ፍራንክፈርት ውስጥ አውግስቴ የተባለችውን ታካሚ ስሟን ጠየቃት፤ ነገረችው። የባሏን ስም ሲጠይቃትም የራሷን ስም መለሰችለት። እሱ ሐኪም ነው፤ መፈተን ሥራው ነበር። እናንተ ግን ክፍል ውስጥ የተማራችሁትን የማስታወስ መመዘኛ በኪሳችሁ ይዛችሁ አትምጡ። «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ሲባሉ «ጊዮርጊስ» ያሉ እናት ወሩ 23 መሆኑን በትክክል ነግረዋችኋል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ዜሮ ይጻፍባቸዋል። ሐጂ ደግሞ የሚቆጥሩት በሻባንና በረመዳን ሊሆን ይችላል። «የሰዓት ሥዕል ሣሉ» የሚባሉት አባት ዕድሜ ልካቸውን እስክሪብቶ ካልጨበጡ የሚለካው የፊደል ዕድላቸው እንጂ አእምሯቸው አይደለም። ምርመራውን ለሠለጠነበት ባለሙያ ተዉት፤ ጅማ የሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ነጭ ጋውኑንም እዚያው ተዉት። እሱን ሲያዩ መርፌ የሚታያቸው አሉ።

በየቀኑ መርዶ መንገር

ይህን የፈጸምኩት እኔ ነኝ። መንደራ አካባቢ ባላቸው ከሞቱ ብዙ ዓመት ያለፋቸው እናት ነበሩ። በምሳ ሰዓት «ምነው ዘገየ? ወጡ ቀዘቀዘ እኮ» እያሉ በር በሩን ያያሉ። እኔ ደግሞ ለታካሚ እውነቱ ይነገራል ተብዬ የተማርኩ ነኝና፣ እጃቸውን ይዤ «እማማ፣ እሳቸው እኮ አርፈዋል» አልኳቸው። ደረታቸውን መቱ። ልጃቸው ልብስ ከምታጥብበት ጓሮ እጇ በአረፋ እንደተሸፈነ ሮጣ መጣች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያልኳቸውን ረሱት፤ ኀዘኑ ግን አልለቀቃቸውም፣ ለምን እንደከፋቸው ሳያውቁ ተክዘው ዋሉ። በማግስቱ ምሳ ሲቀርብ እንደገና ጠየቁ።

በእኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ገና ሳይነጋ፣ ያውም አንድ ጊዜ። እኔ ግን ብቻዬን፣ ገበታ ላይ፣ ያለቀሱለትን ሞት እንደ አዲስ አረዳኋቸው። የሚሻለውን ያስተማረችኝ ዲግሪ የሌላት ልጃቸው ናት። «ምን ዓይነት ወጥ ነበር የሚወዱት?» ብላ ትጠይቃቸዋለች። እናትየው ስለ ባላቸው፣ ስለ በርበሬው፣ ስለ ሳቃቸው ያወራሉ፤ በመሃሉ ጉርሻው ይዋጣል።

ይሄ ማታለል አይደለም ወይ የሚለኝ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም። «አሁን ይመጣሉ» ብላችሁ አትዋሹ፤ ያ ማታለል ነው፣ በሩን ሲያዩም ያውላቸዋል። ግን ከጥያቄው ሥር ናፍቆት ወይም ረሃብ ወይም ፍርሃት አለ፤ ለእሱ መልስ ስጡ። ፊት ለፊት «ሞቷል ወይ?» ብለው አጥብቀው ሲጠይቁ ደግሞ መካድ ነውር ነው፤ ቀስ ብሎ ነግሮ አብሮ መቀመጥ ነው። ሲመሽ የገዛ ቤታቸው ውስጥ ሆነው «ቤቴ ውሰዱኝ» የሚሉትንም እንዲሁ። «ቤትዎ ይኸው አይደል እንዴ!» የሚል ክርክር አሸናፊ የለውም። ያ ቤት እንዴት ያለ እንደነበር ጠይቁ፤ ጂሬን ዳገት ላይ ያለ የልጅነት ቤት ሆኖ ይገኛል።

የሕፃን መጫወቻ ይዞ መምጣት

አንድ ልጅ በራሱ ገንዘብ ባለቀለም የፕላስቲክ መገጣጠሚያ ገዝቶ መጣ። ደግ ልጅ ነው። አዛውንቱ ግን መጫወቻውን አዩት፣ እሱን አዩት፣ ከዚያ «ለልጅህ ስጠው» አሉት። ሰውየው ህመሙ ብዙ ነገር ቢወስድባቸውም መናቃቸውን ለይተዋል።

ጅማ ተቀምጦ መጫወቻ መፈለግ ደግሞ ግርም ይለኛል። ሰፌድ ላይ ጥሬ ቡና አፍሱና ፊታቸው አስቀምጡት። ስማቸውን ያጡ እጆች ጠጠሩንና ብልዙን ሲለዩ ታያላችሁ። እጅ የለመደው ሥራ የሚቀመጥበት የአእምሮ ክፍል ትዝታ ከሚቀመጥበት የተለየ ስለሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚጎዳው። ጥጥ ማባዘት፣ እንዝርት፣ ነጠላ ማጠፍ፣ ጎመን መቀንጠስ፣ ለወንዶቹም ገመድ መግመድ። መንዙማውን ወይም መዝሙሩን የሚያውቅ ሰው አስጀምሩ፤ ዐረፍተ ነገር መጨረስ ያቃታቸው ሰዎች አዝማቹን እስከ መጨረሻው ይሉታል። የለቀሙት ጥሩ ካልሆነስ? ማታ ልጅቷ እንደገና ትለቅመዋለች፤ ፊታቸው ግን አይደለም።

ከሰሉ ዘንድ ብቻ አትለዩ። እየቆሉ መሆኑን ረስተው የሚነሱ አሉ፣ በነጠላ ምጣድ የሚያወርዱም አሉ። ዝናብ ነው ተብሎ በር ተዘግቶ የተቀጣጠለ ከሰል ደግሞ በሽተኛ ከጤነኛ ሳይለይ ይገድላል።

በላያቸው ላይ ማውራት

እሳቸው መሃል ተቀምጠው ልጃቸውን «ይበላሉ? ሽንታቸውን ይቆጣጠራሉ? ከጃጁ ስንት ጊዜ ሆናቸው?» ማለት። «ጃጀ» የሚለው ቃል ራሱ ይቅር፤ ቤተሰቡ ቢጠቀምበት እንኳ እናንተ አታንሱት። ይህ በሽታ ነው፤ እርጅና ብቻውን አያመጣውም። በፊት ለፊታቸው ተቀመጡ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ተናገሩ፣ ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ለእናንተ ይረዝማል፤ እሳቸው ግን ቃሉን እየፈለጉ ነው።

ቋንቋም አለ። መርካቶ ሱቅ የነበራቸው አባት ዕድሜያቸውን ሙሉ በአማርኛና በኦሮምኛ ነግደው በመጨረሻ ከጉራጊኛ በቀር አልመልስ አሉ። የተመደበው ተማሪ «መናገር አቁመዋል» ብሎ ጻፈ። ምንም አላቆሙም። ኋላ የተማረው ቋንቋ ቀድሞ ሊሄድ ይችላል፤ ስለዚህ ከመመደባችሁ በፊት በምን ቋንቋ እንዳደጉ ጠይቁ። የኦሮምኛ ሰላምታ እንኳ የማይችል ተለማማጅ ጅማ ላይ ግማሽ ሥራ ነው የሚሠራው።

እንግዳ ሆኖ መቀመጥ

ይህኛው ክፋት የለበትም፣ ጉዳቱ ግን አለ። ተማሪ ሲመጣ ዳቦ ይገዛል፣ ቡና ይፈላል፣ ቤት ይጠረጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ ህመም ጋር ይኖሩ እንደነበር ይገምታል፤ ከእንክብካቤው ሰዓት 70 በመቶው የሚወድቀው በሴቶች ላይ ነው። ያቺ ሴት የምትፈልገው እናንተ የምትቀመጡባቸውን ሁለት ሰዓታት ነው። ገበያ ልትወጣ፣ እድር ልትደርስ፣ አልያም ጎረቤት ቤት ሄዳ ልትተኛ። ጀበናውን ስታነሳ ካያችኋት ተነሥታችሁ ተቀበሏት፤ «እኔ አፈላለሁ፣ አንቺ ሂጂ» በሏት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አትሄድም። ታፍራለች፣ እናንተንም ገና አታምናችሁም። ሰዓት አክብራችሁ ስትመላለሱ ትሄዳለች። ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ብላችሁ አሥር ሰዓት ከመጣችሁ ግን ባትመጡ ይሻላል፤ ነጠላዋን ለብሳ ስትጠብቅ ነበር።

ሁሉን በመርሳት ህመም ማሳበብ

የመርሳት ህመም በአብዛኛው በወራትና በዓመታት ነው የሚብሰው። ትናንት ሲያጫውቷችሁ የነበሩ ሰው ዛሬ ካልነቁ፣ ያልነበረ ነገር ካዩ ወይም ድንገት ከተረበሹ፣ «ህመሙ ነው፣ ባሰባቸው» ብላችሁ አትለፉት። የሽንት ቧንቧ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የውኃ ጥማት፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት፣ ከቀናት በፊት ወድቀው የተመታ ጭንቅላት ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹም የሚታከሙ ናቸው። የዚያኑ ቀን ለቤተሰቡና ለአስተባባሪያችሁ ተናገሩ፣ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ዘገምተኛውም መርሳት ቢሆን አንዳንዴ ከቫይታሚን ቢ12 ማነስ ወይም ከእንቅርት ዕጢ ችግር ይመጣል፤ የመጀመሪያ ምርመራ ሳይደረግ «አልዛይመር» የሚል ስም አትስጡ።

የቀሩትን ቶሎ ልለፋቸው። መድኃኒት ከኪሳችሁ አታውጡ። የጡረታ ገንዘብ አትቀበሉላቸው፣ ወረቀት ላይ አታስፈርሟቸው፣ ቤተሰቡ ቢለምናችሁም። በጸበልና በሩቅያ ጉዳይ ቤተሰብን አትሟገቱ፤ ኪኒኑ እንዳይቋረጥ ብቻ ለምኑ። ፎቶ ደግሞ የክረምት በጎ ፈቃድ ቲሸርት አምጥቶብን የማይወጣ አመል ሆኗል። የሰው ህመም የግል መረጃ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን በልዩ ጥንቃቄ ከሚያዙት ይመድበዋል። ለማኅበራዊ ሚዲያ ብላችሁ የሰው እናት ከነሌሊት ልብሳቸው አታንሡ።

ሰዓቱ ሲሞላ መጥፋት

ከሁሉ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የልምምዱ ሰዓት ሞላ፣ ቅጹ ተፈረመ፣ ክሊራንስ ወጣ፣ ልጁ ባስ ተሳፈረ። «እንደሆነ አያስታውሱኝም» ይላሉ። ስሙን አያስታውሱ ይሆናል፤ በማክሰኞ ከሰዓት የሚመጣ አንድ ደስ የሚል ነገር እንደነበር ግን ሰውነታቸው ያውቃል፣ ይቁነጠነጣሉ። ልጅቷ ደግሞ በደንብ ታስታውሳለች።

አንድ ወር ሲቀራችሁ ለቤተሰቡ ንገሩ። ተተኪያችሁን ሁለት ሦስት ጊዜ ይዛችሁ ግቡ፤ እናንተ የምትቀመጡበት በርጩማ ላይ ይቀመጥ፣ እናንተ ጥግ ያዙ። ለማኅበሩ ከምትጽፉት ሪፖርት ሌላ አንድ ገጽ ለእሱ ጻፉለት፦ ማን ተብለው መጠራት እንደሚወዱ፣ በየትኛው ጆሮ እንደሚሰሙ፣ የትኛው ዘፈን እንደሚያስለቅሳቸው፣ ውሻ ይፈሩ እንደሆነ፣ ቡናቸውን በጨው ይሁን በስኳር።